ሁለተኛ ምርጫ ያልሆነ ሕክምና፦ የእግር ሐኪም ስለመሆንና የተማሪነቱን ኑሮ ስለመልመድ



ዛሬ የምናገረው በአሜሪካ ፖዲያትሪ ስለሚባለው የእግርና የቁርጭምጭሚት ሕክምና ነው። ርእሱ ሁለት ጉዳዮችን ይዟል፤ ሙያውን መምረጥና፣ ከገቡበት በኋላ የተማሪነቱን ኑሮ መልመድ። ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ ተለያይተው ነው የሚነገሩት። ስለ ምርጫ ሲወራ ደመወዝና ክብር ይነሣሉ፤ ስለ መልመድ ሲወራ ደግሞ እንቅልፍ፣ የሰዓት አጠቃቀምና «በርታ» የሚል ምክር ይከተላል። እኔ የምከራከረው ሁለቱ አይነጣጠሉም ብዬ ነው። ተማሪው የመጀመሪያውን ዓመት እንዴት እንደሚወጣው በአመዛኙ የሚወሰነው ማመልከቻውን ሲያስገባ ስለ ሥራው ምን ያህል ያውቅ እንደነበር ነው። «ሜዲካል ስኩል እንቢ ካለኝ ይሄም አይከፋም» ብሎ የገባ ሰው ውጤቱ ዝቅ ባለ ቁጥር «ድሮስ እዚህ ምን አመጣኝ?» እያለ ከራሱ ጋር ይሟገታል። ሥራውን አይቶ የገባው ሙግቱን ቀድሞ ስለጨረሰ ጉልበቱ ለጥናቱ ይተርፈዋል። ዓመተ ምሕረት ስጠቅስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላሳስብ።

በቅድሚያ ሙያው ምን እንደሆነ እንግባባ። በአሜሪካ የእግር ሐኪም ለመሆን የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያ ዲግሪውን ይጨርሳል፤ ኤምካት የሚባለውን የመግቢያ ፈተና ይወስዳል፤ ከዚያ አራት ዓመት ተምሮ ዲፒኤም የተባለውን የዶክተርነት ዲግሪ ያገኛል። ቀጥሎ የሦስት ዓመት የሆስፒታል ሬዚደንሲ አለ። ይህን ሁሉ ያለፈ ሰው ይመረምራል፣ ራጅ ያያል፣ መድኃኒት ያዛል፣ የተሰበረ ይጠግናል፣ የተጣመመ አጥንት በቀዶ ሕክምና ያቃናል። ወደ ሥጋ የገባ ጥፍርም ያወጣል፤ ይህ የሚያሳፍር ሥራ አይደለም። ትምህርቱን የሚሰጡት ኮሌጆች በመላ አገሪቱ 11 ያህል ብቻ ናቸው። ከቀደምቶቹ የኒው ዮርኩ በ1911፣ የቺካጎው በ1912 ነው የተመሠረቱት። በዚያን ዘመን ሥራው የደነደነ ቆዳና ጥፍር ከመቁረጥ ብዙም አያልፍም ነበር። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ1967፣ ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የጤና መድን ሕግ ሲሻሻል የእግር ሐኪም ፈቃዱ በሚሸፍነው ሥራ ልክ ከሐኪሞች ተርታ ተመደበ። ሙያው ያደገው ሕመምተኞች ስለበዙለትና የሕመማቸውም ክብደት እየታወቀ ስለመጣ ነው።

ይህ ክብደት ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው በስኳር ሕመምተኛ እግር ላይ ነው። አንድ እግር 26 አጥንትና 33 መገጣጠሚያ አለው፤ ሁለቱ እግሮች ሲደመሩ ከሰውነታችን አጥንቶች ሩብ ያህሉን ይይዛሉ። የደም ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ እስከ እግር ጣት የሚወርዱት ረጃጅም ነርቮች ከሌሎቹ ቀድመው ይጎዳሉ። ተማሪው ይህን ከሚማርባቸው መሣሪያዎች አንዱ በመያዣ ጫፍ ላይ የተተከለ ቀጭን የናይለን ክር ነው። ክሩ ቆዳ ላይ ተጭነውት ግፊቱ 10 ግራም ሲደርስ ይጎብጣል። ሕመምተኛው ዓይኑን ይጨፍናል፤ ተማሪው ክሩን በአውራ ጣቱ ሥርና በውስጥ እግሩ ፊተኛ ክፍል ላይ እያፈራረቀ ያስነካል፤ ሰውየው በተሰማው ቁጥር «አዎ» ይላል። ክሩ ጎብጦ ሰውየው ዝም ካለ ተማሪው ያንን ቦታ ይመዘግባል። ሰውየው በዚያ ቦታ ጠጠር ቢረግጥ፣ ጠጠሩም ጫማው ውስጥ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ቢውል አይታወቀውም። ቆዳው ከመፋተግ ብዛት ይደነድናል፤ ከደነደነው ሥር ቁስል ይከፈታል። ሐኪሙ የደነደነውን በስለት ገፍፎ እስኪያነሣው ድረስ ቁስሉን ባለቤቱም አያየውም።

የችግሩ ስፋትም ተጠንቷል። ተመራማሪዎቹ አርምስትሮንግ፣ ቦልተንና ባስ በ2017 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ባወጡት ጽሑፍ ስኳር ካለባቸው ሰዎች ከ19 እስከ 34 በመቶ የሚሆኑት በዕድሜያቸው አንድ ቀን የእግር ቁስል እንደሚያገኛቸው ገምተዋል። ቁስሉ ከዳነላቸውም 40 በመቶ ያህሉን በአንድ ዓመት ውስጥ መልሶ ያገረሽባቸዋል። ከቁርጭምጭሚት በላይ እግሩ የተቆረጠ ሕመምተኛ ደግሞ አምስት ዓመት የመኖር ዕድሉ ከግማሽ በታች ነው፤ ብዙ የካንሰር ዓይነቶች ከዚህ የተሻለ ተስፋ አላቸው። በአሜሪካ ጥቁሮች ከነጮች ይልቅ እግራቸውን እንደሚያጡም በተደጋጋሚ ታይቷል። ከእነዚህ ቁጥሮች ሙያ መራጭ ወጣት ሊያተኩርበት የሚገባው 40 በመቶው ነው። ሥራው አንዴ አድኖ ማሰናበት እንዳልሆነ ይነግረዋል። ሕመምተኛው በየሁለትና በየሦስት ወሩ ይመለሳል፤ ጫማው ይታያል፣ ቆዳው ይነሣለታል፣ ስኳሩ ይጠየቃል፣ ይመከራል፣ አንዳንዴም ምክሩን ሳይሰማ ይመጣል። አንድን ሰው ለዓመታት መከታተል የሚያረካው ተማሪ በዚህ ሙያ ይደሰታል። ድንገት የሚያድን፣ የሚጨበጨብለት ሥራ የሚናፍቅ ግን ቀዶ ሕክምናው ቢኖርም አብዛኛው ቀኑ ይረዝምበታል።

እዚህ ላይ «በእርግጥ የእግር ሐኪም መኖሩ እግር ያተርፋል ወይ?» የሚል ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። የደም ሥር ሐኪም፣ የስኳር ሐኪምና የእግር ሐኪም በአንድ ቡድን በሚሠሩባቸው ሆስፒታሎች ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚቆረጠው ሰው ቁጥር እንደቀነሰ አብዛኞቹ ጥናቶች ያሳያሉ። ጥናቶቹ ግን በአመዛኙ ቡድኑ ከመቋቋሙ በፊትና በኋላ ያለውን የሚያነጻጽሩ ናቸው፤ ውጤቱን ከሌሎች ለውጦች ሙሉ በሙሉ አጥርተው አይለዩም። ስለዚህ አቋሜን በልኩ ላስቀምጠው፤ እግር የሚያተርፈው ቡድኑ ነው፤ የእግር ሐኪሙ በቡድኑ ውስጥ እግሩን በየጊዜው በዓይኑ የሚያይ ሰው ነው። ይህ ድርሻ ትንሽ የሚመስለው ሰው ሌላ ሙያ ቢመርጥ ለራሱም ለሕመምተኛውም ይበጃል።

ጉዳዩ ለእኛ ለኢትዮጵያውያንም አዲስ አይደለም። ሕመም የማይሰማው እግር እንዴት እንደሚቆስል ዓለም በሰፊው የተማረው ከሥጋ ደዌ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ፖል ብራንድ በሕንድ፣ ቬሎር ውስጥ ሕመምተኞችን ሲከታተሉ ጣትና እግር የሚያልቀው ሕመም ባለመሰማቱ በሚደጋገም ጉዳት ጭምር መሆኑን አሳዩ። በ1960ዎቹ ወደ አሜሪካ፣ ሉዊዚያና ሲዛወሩ የሰውነትን ክብደት በመላው እግር የሚያከፋፍለውን ጀሶ ይዘው ሄዱ፤ ዛሬ ያ ዓይነት ጀሶ ለስኳር ሕመምተኛ የውስጥ እግር ቁስል ከሚመረጡት ሕክምናዎች አንዱ ነው። በአዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ የሚገኘው የአለርት ሆስፒታል በ1965 ሲቋቋም ዓላማው የአፍሪካን ባለሙያዎች በሥጋ ደዌ ሕክምና ማሠልጠን ነበር። ዝሆኔ የምንለውን፣ በባዶ እግር ቀይ አፈር ከመርገጥ የሚመጣውን የእግር እብጠት ደግሞ ሐኪሙ ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ አጥንተው ፖዶኮኒዮሲስ የሚል ስም አወጡለት። በ2012 ተመራማሪው ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቻቸው ለበሽታው ተጋላጭ የሚያደርግ የዘር ውርስ እንዳለ አሳዩ። መከላከያው ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው። ነገር ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ዲፒኤም በአሜሪካ የፈቃድ ሥርዓት ልክ የተሰፋ ዲግሪ ነው። «ተምሬ አገሬን አገለግልበታለሁ» የሚል ሐሳብ መልካም ቢሆንም ወረቀቱ በሌላ አገር በራሱ በር እንደማይከፍት አውቆ መግባት ያሻል።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ። በየቤቱ የሚሰማው የመጀመሪያው «ይሄ ዶክተር ነው ወይስ አይደለም?» የሚል ነው። መልሱ አዎ ነው፤ ገደብ ግን አለው። የጥርስ ሐኪም በአፍ እንደሚወሰን የእግር ሐኪምም በእግርና በቁርጭምጭሚት ይወሰናል። የሥራው ስፋት እንደየስቴቱ ሕግ ይለያያል፤ በቁርጭምጭሚት ላይ ቀዶ ሕክምና ማድረግ በአንዱ ስቴት በቀላሉ ሲፈቀድ በሌላው ተጨማሪ መመዘኛ ይጠየቅበታል። የቀድሞ ወታደሮች የሚታከሙባቸው የአሜሪካ መንግሥት ሆስፒታሎች በ2018 በወጣ ሕግ የእግር ሐኪሞችን ክፍያ ከሌሎቹ ሐኪሞች ጋር አስተካክለዋል፤ የሙያው ደረጃ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ይህ ያመለክታል። ይሁንና በዲፒኤም የገባ ሰው በሦስተኛው ዓመት «የልብ ሐኪም ልሁን» ቢል አይቻልም። በሜዲካል ስኩል ኤምዲ የሚማር ተማሪ ምርጫውን ለዓመታት ማዘግየት ይችላል፤ የእግር ሕክምና ተማሪ ግን ገና ከመግባቱ መርጧል። ስለዚህ በሮቹ ሁሉ ክፍት ሆነው እንዲቆዩለት የሚፈልግ ወጣት እዚህ ባይመጣ ይሻለዋል። መርጦ ለሚመጣ ሰው ደግሞ ይኸው ገደብ ጥቅም አለው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚማረውን ለምን እንደሚማረው ያውቃል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «መግቢያው ቀላል ስለሆነ ነው ሰው የሚሄድበት» የሚል ነው። የመግቢያ ውጤቱ ከሜዲካል ስኩል ዝቅ እንደሚል፣ በቅርብ ዓመታትም አመልካቹ ጥቂት እንደሆነ መካድ አይቻልም። ከዚህ ግን ትምህርቱ ቀላል ነው የሚል መደምደሚያ አይወጣም። በሩ ሰፊ ነው፤ ደረጃው ግን እንደማንኛውም የሕክምና ትምህርት ቀጥ ያለ ነው። እንደ ደሞይን ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች የመሠረታዊ ሳይንስ ኮርሶችን የእግር ሕክምና ተማሪው እንደ ኤምዲ ሙሉ ሐኪም ከሚሆኑት የኦስቲዮፓቲክ ሕክምና ተማሪዎች ጋር በአንድ አዳራሽ ይማራል። ከሁለተኛው ዓመት በኋላ የብሔራዊ ፈቃድ ፈተና ክፍል አንድ ይጠብቀዋል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ክፍል ይከተላሉ። ሰፊ በርና ቀጥ ያለ ደረጃ ሲገናኙ አደጋው የተማሪው ነው፤ ያልተዘጋጀ ሰው ገብቶ፣ ዕዳ ተሸክሞ፣ መሐል ላይ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ አመልካች ኮሌጁን ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ከገቡት ስንቱ በአራት ዓመት ይጨርሳል፣ ስንቱ ክፍል አንድን በመጀመሪያ ሙከራው ያልፋል፣ ከተመረቁት ስንቱ ሬዚደንሲ ያገኛል? ቁጥሮቹን ለማሳየት የሚያቅማማ ኮሌጅ ካጋጠመ ሌላውን ማየት ነው።

ሦስተኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ ይህ ቀላል መልስ የለውም። ከ200 ሺህ ዶላር በላይ ዕዳ ይዞ መመረቅ በዚህ ሙያ ብርቅ አይደለም። ሬዚደንቱ ይከፈለዋል፤ ክፍያው ግን መጠነኛ ነው፤ ወለዱም አይተኛም። በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት ከጁላይ 2026 ጀምሮ አዲስ የሚበደር የሙያ ዲግሪ ተማሪ ከፌደራል መንግሥት የሚያገኘው ብድር በዓመት 50 ሺህ፣ በጠቅላላው 200 ሺህ ዶላር ላይ ይቆማል። የትምህርት ክፍያውና የቤት ኪራዩ ከዚህ ካለፈ ልዩነቱን በግል ባንክ ሎን መሙላት ሊመጣ ነው። ያለ በቂ ስሌት የሚገባ ሰው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚባለውን ነው የሚያደርገው። ለትርፍ ባልተቋቋመ ወይም በመንግሥት ሆስፒታል ለሚሠራ ሰው ከአሥር ዓመት ክፍያ በኋላ ቀሪው የፌደራል ዕዳ የሚሰረዝበት መንገድ አለ፤ የግል ሎን ግን በዚህ አይካተትም። የእግር ሐኪም ጥሩ ገቢ ያገኛል፤ ሆኖም ገቢው ከዕዳው ጋር፣ ሊሠራበት ካሰበው ከተማ የኑሮ ውድነትም ጋር ሳይመዘን መፈረም አይገባም። ስሌቱ ካልወጣ ሙያውን ቢወዱትም መተው ወይም ማዘግየት ብልህነት ነው።

አራተኛውን ተቃውሞ ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም፤ «ልጄ የሰው እግር ስታገላብጥ ልትኖር ነው?» የሚል ቅሬታ ነው። ይህ ስሜት ከባህላችን የመጣ አይመስለኝም። በአገራችን ከመንገድ የመጣ እንግዳ እግሩ ይታጠብለት ነበር፤ ጸሎተ ሐሙስ ቀን ካህናት የምእመናንን እግር ያጥባሉ፤ ይህን ሲያደርጉ ክብራቸው አይቀንስም። ቅሬታው የመጣው ሙያዎችን ከላይ ወደ ታች ከደረደርንበት የስደት ዘመን ዝርዝር ነው፤ በዝርዝሩ ላይ ሐኪም አለ፣ ኢንጂነር አለ፣ ጠበቃ አለ፣ የቀረው «ሌላ» ነው። ዝርዝሩ ጉዳት የሚያደርሰው በተማሪው ላይ ነው። ሠርግ ላይ «ምን እያጠናሽ ነው?» ስትባል መልሷን የምታድበሰብስ ልጅ ከአንደኛው ዓመት ሸክም ላይ የማፈር ሸክም ትጨምራለች። ወላጅ ለልጁ ሊያደርግለት ከሚችለው ትልቁ ነገር የሙያውን ስም ሳያቅማማ መጥራት ነው።

እንግዲህ ገብቶ ስለ መልመድ። የመጀመሪያው ዓመት አስደንጋጭ የሚሆነው በነገሩ ክብደት ብቻ አይደለም፤ በፍጥነቱም ነው። በአናቶሚ ክፍል የውስጥ እግር ቆዳ ሲነሣ ነጭ፣ ጠንካራ ሽፋን ይታያል፤ ከእርሱ በታች በአራት ድርብ የተደረደሩ ጡንቻዎች አሉ፤ በድርቦቹ መካከል ነርቭና ደም ሥር ያልፋል። ይህን ለይቶ ስሙን፣ መነሻውንና መድረሻውን፣ የትኛው ነርቭ እንደሚያዘው ለማወቅ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው፤ በዚያው ሳምንት ባዮኬሚስትሪውም ይቀጥላል። በመጀመሪያ ዲግሪው ጥሩ ውጤት ያመጣ ተማሪ የለመደው ማስታወሻውን ደጋግሞ ማንበብን ነበር። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒክ በ2006 ያሳተሙት ሙከራ ይህን ልማድ ይሞግታል፤ ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ የተሻለ አስታወሱ፣ ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን የበለጡት ጽሑፉን ዘግተው ራሳቸውን የፈተኑት ናቸው። ደግሞ ማንበብ የሚሰጠው የማወቅ ስሜት አሳሳች ነው። እዚህ ላይ ምርጫና መልመድ ይገናኛሉ፤ የሚያጠናውን ጡንቻ አንድ ቀን በሕመምተኛ እግር ላይ እንደሚፈልገው ያየ ሰው ራሱን ለመፈተን፣ ስሕተቱንም ለማየት አይፈራም። ለመግባቱ ምክንያት ያጣ ሰው ደግሞ እያንዳንዱ ስሕተት የፍርድ ማስረጃ ይመስለዋል።

ከትምህርት ቤቱ ውጭ ያለውም ኑሮ መልመድ ይፈልጋል፤ ይህ የማኅበረሰባችን ጉዳይ ስለሆነ በግልጽ እናውራው። በአሜሪካ የሚኖር የእኛ ተማሪ ብዙ ጊዜ የቤቱ አስተርጓሚ ነው፤ የኢንሹራንስ ደብዳቤ ያነባል፣ አባቱን ሐኪም ቤት ያደርሳል፣ ቅዳሜና እሑድ ሺፍት ይገባል፣ አገር ቤትም ይልካል። ለቅሶ አለ፣ ክርስትና አለ፤ የቀረ ሰው ይታወቃል። «ከትምህርት ሌላ ሁሉን ተው» የሚለው ምክር ለዚህ ሰው አይሠራም፤ ቤተሰቡ ብርታቱም ነውና። የሚሠራው ጉዳዩን ቀድሞ መነጋገር ነው። የፈተና ሳምንታት ከወራት በፊት ይታወቃሉ፤ ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ በእነዚያ ሳምንታት የማስተርጎሙ ሥራ ለወንድም ወይም ለእኅት ይተላለፍ፤ ለለቅሶም ቤተሰቡ እርሱን ወክሎ ይድረስ። ሺፍቱን መቀነስ የሚያስፈልግ ከሆነ ደግሞ ስሌቱ ውስጥ ከመጀመሪያው ይግባ። በአራተኛው ዓመት ነገሩ ይብሳል፤ ተማሪው ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል፣ አንዳንዴም ከስቴት ወደ ስቴት፣ በየወሩ እየተዛወረ ይለማመዳል፤ እነዚያ ወራት ለሬዚደንሲ የሚታይበት ፈተናም ናቸው።

በክርክሬ ላይ ሊነሣ የሚችለው ጠንካራው ተቃውሞ ግን ይህ ነው፤ «በሃያ ሁለት ዓመቱ ማን ምን ያውቃል? በሁለተኛ ምርጫ ገብተው ሙያውን የወደዱ ሐኪሞች የሉም ወይ?» አሉ፤ ብዙ ናቸው። ይህ ግን ሐሳቤን አያፈርሰውም፤ ያሻሽለዋል። እነዚያ ሐኪሞች ከገቡ በኋላ መርጠዋል። በሌላ ምክንያት የገባ ተማሪም መምረጥ ይችላል፤ ብቻ ምርጫው በራሱ እስኪመጣ አይጠብቅ። በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ጊዜ ቆርጦ ወደ ቁስል ክሊኒክ ይሂድ፤ ለሦስተኛና ለአራተኛ ጊዜ የተመለሰውን ሕመምተኛ ይይ፤ «እግሬን ያቃጥለኛል፣ ይወርረኛል» የምትል እናት በቋንቋዋ ስትጠየቅ ምን ያህል እንደምትናገር ያዳምጥ። ያ ሥራ ከሳበው መርጧል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ድካም ዓላማ ይኖረዋል። ካልሳበው በአንደኛው ዓመት መጨረሻ መውጣት በሦስተኛው ዓመት ከመውጣት በገንዘብም በዕድሜም እጅግ ይረክሳል፤ መውጣቱንም ማንም እንደ ውርደት ሊቆጥርበት አይገባም።

ለማመልከት ለተነሣችሁ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት የእግር ሐኪምን በሦስት ቦታ ሲሠራ ተመልከቱ፤ በግል ክሊኒኩ፣ በሆስፒታል የቁስል ክፍል፣ በቀዶ ሕክምና ክፍል። በሦስቱም አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ፤ «ከዚህ ውስጥ አሰልቺ የሚመስለውን ክፍል ለሠላሳ ዓመት ልሠራው እችላለሁ?» የቀዶ ሕክምናው ክፍል ሁሉንም ይማርካል፤ መልሱ የሚገኘው በክሊኒኩ ተራ ማክሰኞ ላይ ነው። ወላጆችም ልጃችሁ «እችላለሁ» ብሎ ሲመልስ የሌላ ሙያ ስም አታንሡበት። መልሱን ይዞ የገባ ተማሪም እንቅልፍ ያጣል፣ ፈተና ሊወድቅም ይችላል፤ ለምን እንደደከመ ግን ያውቃል፣ እርዳታ ለመጠየቅም አያፍርም።